የፓራዶር ማዕድ፦ በጥንታውያን የስፔን ሕንፃዎች የሚቀርበው ያገር ምግብና ለመሐንዲስ የሚያስተምረው
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የአንድን ጥንታዊ ሕንፃ ዕድሜ ለማራዘም ከሚደረገው ጥረት ሁሉ በቶሎ ለዓይን የሚታየው የግንቡ ጥገና ነው። ድንጋዩ ይጠረጋል፤ የተሰነጠቀው ቅስት ይደገፋል፤ የበሰበሰው የጣሪያ እንጨት በሌላ ይተካል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ሕንፃው ባዶውን የቀረ እንደ ሆነ ግን፣ ዝናቡና ርጥበቱ ከቸልታ ጋር ተባብረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመልሱታል። ጢስ የማይወጣበት ቤት ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ጥገናው ሲጀመር ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «እንዴት ይጠገን?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ከተጠገነ በኋላ ማን ይግባበት? ምንስ ይሠራበት?» የሚለውም ጭምር ነው።

በስፔን አገር ለዚህ ጥያቄ ከ1928 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ አንድ መልስ አለ። መልሱም በአጭሩ «እንግዳ ይደርበት፤ ያካባቢውም ምግብ ይበላበት» የሚል ነው። ፓራዶር የሚባሉት የመንግሥት ሆቴሎች የተቋቋሙት በዚህ ሐሳብ ነው። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በእነዚህ ሆቴሎች፣ ይልቁንም በማዕዳቸው ላይ ነው። (በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ለመሐንዲሶች ስብሰባ ስለ ወጥና ስለ ጥብስ መናገር ምናልባት ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ወደ ጥንታዊ ሕንፃ ከሚገቡት አዳዲስ አገልግሎቶች ሁሉ እንደ ወጥ ቤት የሚከብድ የለም፤ እሳቱ፣ ውኃው፣ እንፋሎቱና ቅባቱ በአንድነት የሚመጡት በእርሱ ነውና። ሁለተኛ፣ የቆየ ምግብ እንደ ቆየ ሕንፃ ሁሉ የተሠራበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሳያውቅ መልኩን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ሐሳቡ እንዴት ተጀመረ

ፓራዶር የሚለው ቃል «መቆም» ከሚለው የስፔን ግሥ የወጣ ሲሆን፣ መንገደኛ ከነከብቱ ቆሞ የሚያድርበትን ማረፊያ ያመለክታል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን በስፔን የነበረው የእንግዳ ማረፊያ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በአንድ ወገን በየመንገዱ ዳር የነበሩት፣ ንጽሕናቸው የተጓደለ ድሆች ማደሪያዎች ነበሩ። በሌላው ወገን ደግሞ በ1910 የተከፈተው የማድሪድ ሪትዝን የመሳሰሉት ታላላቅ ሆቴሎች ተነሡ። በዚያ ዘመን በታላላቅ ሆቴሎችና በመኳንንት ቤት ክብር ያለው ማዕድ የፈረንሳይ ማዕድ ነበር። በቤተ መንግሥቱ እንኳ የግብር ዝርዝር የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር።

ይህን የተቃወሙ ጸሐፊዎች አልጠፉም። ዶክተር ቴቡሴም በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ማሪያኖ ፓርዶ ደ ፊጌሮአ፣ የንጉሡ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ ከሚል ሌላ የብዕር ስም ካለው ወዳጁ ጋር የተለዋወጣቸው ደብዳቤዎች በ1888 በመጽሐፍ ታትመው ወጥተዋል። በእነዚህም ደብዳቤዎች የንጉሡ ግብር ዝርዝር በአገሩ ቋንቋ እንዲጻፍ፣ ያገሩም ወጥ በንጉሡ ገበታ ላይ እንዲቀርብ ተሟግቷል። የጋሊሲያ ተወላጅ የሆነችው ታላቋ ደራሲ ኤሚሊያ ፓርዶ ባሳንም በ1913 የጥንቱን የስፔን አበሳሰል የሚመለከት መጽሐፍ አሳትማለች። የአንድ ሕዝብ ምግብ እንደ ልብሱና እንደ ተረቱ ሁሉ የማንነቱ ሰነድ ነው የሚል አስተያየት ነበራት።

በ1911 የስፔን መንግሥት የቱሪዝም ጉዳይ የሚመራ የንጉሣዊ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ማርኬዝ ቤኒግኖ ደ ላ ቬጋ ኢንክላንን ሾመበት። በእርሱ አሳቢነትና በንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ደጋፊነት፣ ከማድሪድ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በግሬዶስ ተራራ ላይ የመጀመሪያው ፓራዶር ተሠርቶ በጥቅምት ወር 1928 ተመረቀ። የግሬዶሱ ቤት ለአዳኞችና ለተራራ ወዳጆች በአዲስ የተሠራ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ሥራው ወደ ጥንታውያን ግንቦች፣ ገዳማትና የመኳንንት ቤቶች ተሸጋገረ። በ1930 በኦሮፔሳ ግንብና በኡቤዳ ከተማ በሚገኝ የመኳንንት ቤት፣ በ1933 ደግሞ በሜሪዳ አሮጌ ገዳም ውስጥ ፓራዶሮች ተከፈቱ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሥራውን የተረከበው የብሔራዊ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሕንፃ በሚጠግንበት ዘመን ምግብንም ያስጠና ነበር። ዲዮኒስዮ ፔሬስ የተባለው ጋዜጠኛ የየአውራጃውን ምግብ እየዞረ የመዘገበበት መጽሐፍ በ1929 የታተመው በዚሁ መሥሪያ ቤት አማካይነት ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በዚያው ጊዜ ለአውቶሞቢል መንገደኞች የሚሆኑ ዘመናዊ የመንገድ ዳር ማረፊያዎችን በአንድ ዓይነት ፕላን ያሠራ ነበር፤ የማንሳናሬስና የባይሌን ማረፊያዎች ከእነዚህ ይቈጠራሉ። እንግዲህ መንገዱ፣ ሕንፃውና ማዕዱ የአንድ ዕቅድ ክፍሎች ነበሩ ማለት ነው። አሮጌውን የወደደው አዲሱን በመጥላት አልነበረም።

የሳንቲያጎ ሆስፒታል

ከፓራዶሮች ሁሉ ዝናው የገነነው በጋሊሲያ አውራጃ በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚገኘው ነው። ከተማዪቱ የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር ይገኝባታል ተብሎ ስለሚታመን፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ከመላ አውሮፓ የሚመጡ ተሳላሚዎች በእግራቸው ይጓዙባት ነበር። ንግሥት ኢሳቤላና ንጉሥ ፈርዲናንድ በ1486 ከተማዪቱን በጐበኙ ጊዜ፣ ደክመውና ታመው ለሚደርሱት ተሳላሚዎች በቂ ማረፊያ አለመኖሩን አዩ። በ1499 አንድ ትልቅ ሆስፒታል እንዲሠራ አዘዙ። ኤንሪኬ ኤጋስ የተባለው የሕንፃ ሊቅ ፕላኑን አወጣ፤ ዋናው ሥራም ከ1501 እስከ 1511 ተከናወነ።

የፕላኑ ብልኀት ዛሬም ለሚያየው ግልጽ ነው። የሕመምተኞቹ አዳራሾች በመስቀል ቅርጽ የተዘረጉ ሲሆኑ፣ ቤተ ጸሎቱ በመስቀለኛው መካከል ላይ ነው። ይህም የሆነው ሕመምተኛው ከአልጋው ሳይነሣ ቅዳሴውን እንዲሰማ ነው። በመስቀሉ ክንዶች መካከል በአራቱ ወንጌላውያን ስም የሚጠሩ አራት ውስጣዊ ግቢዎች አሉ። ብርሃንና ንጹሕ አየር ወደየክፍሉ የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው።

ቤቱ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በሆስፒታልነት ካገለገለ በኋላ፣ በ1954 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። የሕመምተኞች አዳራሾች ወደ እንግዳ መቀበያነትና ወደ መኝታ ክፍልነት ተለወጡ። ከመመገቢያ አዳራሾቹም አንዱ በቀድሞው የፈረሶች ጋጥ ውስጥ ነው። ለከብት ማሰሪያ ተብሎ የተሠራው፣ ሰፋፊ የድንጋይ ቅስቶች ያሉት ቤት ለማዕድ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ሰፊ ነው፤ አምድ አያበዛም፤ ከግቢውም ጋር በቀላሉ ይገናኛል። አገልግሎቱ የተለወጠው የሕንፃው ባሕርይ በሚፈቅደው መንገድ ነው ለማለት ይቻላል።

በዚህ ገበታ ላይ የሚቀርበው የጋሊሲያ ምግብ ምን ዓይነት ነው? ስሙ ከሩቅ የሚጠራው ኦክቶፐስ የተባለው ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ ነው። በመዳብ ጋን ተቀቅሎ፣ በመቀስ ተቈራርጦ፣ በእንጨት ሳሕን ላይ በጨው፣ በበርበሬና በወይራ ዘይት ይቀርባል። የሚገርመው ግን በዚህ ሙያ የተመሰገኑት ቀቃይ ሴቶች ከባሕር ራቅ ካለው ከኦሬንሴ አገር መሆናቸው ነው። ባሕር ዳር ርስት የነበረው የኦሴይራ ገዳም ግብሩን በደረቀ ኦክቶፐስ ይቀበል ስለ ነበር ሙያው በገዳሙ ዙሪያ ለመደ ተብሎ ይተረካል። ቀጥሎ የሚመጣው ነጭ ቦሎቄ፣ ድንች፣ የመረረ የጎመን ዓይነት ቅጠልና የአሳማ ስብ ያለበት ሾርባ ነው። በመጨረሻም በመጽሐፍ ቅዱስ «ለውዝ» ከተባለው ከአልሞንድ፣ ከዕንቍላልና ከስኳር የሚጋገረው የሳንቲያጎ ኬክ ይቀርባል፤ በላዩም በስኳር ዱቄት የቅዱስ ያዕቆብ መስቀል ይታተምበታል።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው ልማድ በዝርዝሩ ላይ የማይጻፈው ነው። ቤቱ ሆቴል ከሆነ በኋላ፣ በዕለቱ ቀድመው ለሚመጡ አሥር ተሳላሚዎች የጉዞ ማስረጃቸውን ሲያሳዩ በነጻ የማብላቱ ልማድ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። አሥር ሰው ማለት ከሆስፒታሉ የጥንት ተግባር ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ቤቱ ለምን እንደ ተሠራ የሚያስታውስ፣ ከድንጋይ ላይ ጽሕፈት ይልቅ የሚናገር ምልክት ነው።

ከምግቡ ጀርባ ያለው ምክንያት

አንድ መሐንዲስ የድልድይ ቅስት ሲያይ ውበቱን ብቻ አያይም፤ ኃይሉ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ይጠይቃል። የየአውራጃው ምግብም በዚሁ ዓይን ቢታይ ብዙ ያስተምራል።

በኤክስትሬማዱራ አውራጃ በላ ቬራ ሸለቆ የሚዘጋጀው በርበሬ የጢስ ሽታ አለው። በደቡብ ምሥራቅ በሙርሲያ በርበሬ የሚደርቀው በፀሐይ ነው። በላ ቬራ ግን በርበሬው በሚደርስበት በመጸው ወራት ዝናብ ስለሚበዛ በፀሐይ ማድረቅ አይቻልም። ገበሬዎቹ ስለዚህ በዝግ ቤት ውስጥ የኦክ እንጨት እያጤሱ፣ በእጃቸው እያገላበጡ፣ አሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ያህል ያደርቁታል። ዓለም ያደነቀው ጣዕም የተገኘው ዝናብን ለማሸነፍ በተደረገ ትግል ነው። በዚያው ሸለቆ በሃራንዲያ፣ ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ ዙፋኑን ትቶ ወደ ዩስቴ ገዳም ከመግባቱ በፊት ከ1556 እስከ 1557 ያረፈበት ግንብ ዛሬ ፓራዶር ነው። በዚያ አውራጃ እረኞች ከደረቀ ዳቦ የሚሠሩት፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የሚገባበት «ሚጋስ» የሚባል ምግብ አለ። የእኛ አገር ሰው ቢያየው ሌላ ስም ሳይፈልግ «የዳቦ ፍርፍር» ይለዋል።

የካስቲያን የበግ ጠቦት ጥብስ እንውሰድ። ገና ወተት የሚጠባው ጠቦት በሸክላ ሳሕን ላይ ከጥቂት ውኃና ከጨው በቀር ምንም ሳይጨመርበት በጡብ ምድጃ ይጠበሳል። ምድጃው ጉልላት አለው። እንጨቱ በውስጡ ሲነድ መጀመሪያ ጉልላቱ በጥላሸት ይጠቍራል፤ ሙቀቱ ሲያይል ጥላሸቱ ራሱ ተቃጥሎ ጡቡ ይነጣል። የጋጋሪው ቴርሞሜትር ይህ ንጣት ነው። ፍሙ ወደ ጎን ይገፋል፤ ሥጋውም በነበልባል ሳይሆን ጡቡ አጠራቅሞ በያዘው፣ ቀስ በቀስም በሚለቀው ሙቀት ይበስላል። ስለ ሙቀት ማከማቸትና ስለ ጨረራ በትምህርት ቤት የሚነገረው ሁሉ በዚህ ምድጃ ውስጥ ይገኛል።

ሽንብራና ቦሎቄም የራሳቸው ሕግ አላቸው። በስፔን የወጥ ቤት ልማድ፣ ውኃ ውስጥ ያደረ ሽንብራ የሚጨመረው በሞቀ ውኃ ሲሆን፣ ቦሎቄ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ይጣዳል፤ ሲፈላም ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ እየተጨመረበት ፍላቱ ይበረዳል። ኖራ በበዛበት ውኃ ጥራጥሬ በቶሎ አይበስልም። በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም የፍሬውን ሕዋሳት አያይዞ የሚያቆመውን ንጥረ ነገር ያጠነክረዋልና። እንግዲህ በግሬዶስ ተራራ ግርጌ በኤል ባርኮ ደ አቪላ ስለሚበቅለው ዝነኛ ቦሎቄ የሚናገር ሰው፣ ስለ ዘሩ ብቻ ሳይሆን ስለ አፈሩና ስለ ውኃውም መናገሩ ነው።

በሊዮን አውራጃ በአስቶርጋ ከተማ አካባቢ ማራጋቶ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። አባቶቻቸው በበቅሎ ጭነት የሚተዳደሩ፣ በእኛ አነጋገር ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። ከጋሊሲያ ጠረፍ በጨው የታሸ ዓሣ ወደ መሐል አገር ያመላልሱ ነበር። የእነርሱ ሽንብራ ወጥ የሚበላው ከሌላው የስፔን አገር በተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ሥጋው፣ ቀጥሎ ሽንብራና ጎመኑ፣ መጨረሻ ሾርባው ይቀርባል። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ መንገደኛው የያዘውን ቀዝቃዛ ሥጋ አስቀድሞ ከበላ በኋላ በማረፊያው ትኩስ ሾርባ ይጠጣ ነበር የሚለው ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የምድር ባቡር ሲዘረጋ የበቅሎው ንግድ ጠፋ፤ ወጡ ግን ቀረ። የመሐንዲሶች ሥራ አንዱን ኑሮ አጥፍቶ ሌላውን ሲተክል፣ የጠፋው ኑሮ ቅርስ በገበታ ላይ ተቀመጠ።

ከባሕር የራቀው መሐል አገር በጨው የደረቀ ዓሣ ሲበላ የኖረው ደግሞ ከርቀቱ ሌላ ስለ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ዓርብ የሚበላው የሽንብራ፣ የስፒናችና የደረቀ ዓሣ ወጥ እስከ ዛሬ አለ። የጾም ሥርዓት የአንድን አገር አበሳሰል እንዴት እንደሚያራቅቀው ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥንታዊ የሚባለው ስንት ዓመት ነው?

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ «ያገር ምግብ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ነው» የሚል አሳብ እንዳያሳድር ያስፈልጋል። በጋሊሲያው ሾርባ ውስጥ ያሉት ድንችና ቦሎቄ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ድንች ከመለመዱ በፊት ሾርባውን ያጠነክር የነበረው ካስታኛ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ነበር። በርበሬውም ቢሆን ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ የገባ ነው። የሳንቲያጎው ሆስፒታል መሠረት በተጣለበት ዓመት ዛሬ በውስጡ ከሚቀርበው ምግብ አብዛኛው አይታወቅም ነበር። በኬኩ ላይ የሚታየው መስቀል እንኳ የመካከለኛው ዘመን ቢመስልም፣ የከተማው አንድ የኬክ መጋገሪያ ቤት በ1924 የጀመረው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 የኬኩን ስም በሕግ ሲጠብቅ መስቀሉ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከዚህም የጠለቀ ታሪክ አለ። በስፔን ገበታ ላይ የአሳማ ሥጋ የማይገባበት ቦታ ጥቂት ነው። ይህ የጣዕምና የግብርና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1492 አይሁድ ካልተጠመቁ በቀር ከአገር እንዲወጡ ታዘዘ። ከዚያም በኋላ ሙስሊሞቹ እንዲጠመቁ ተገደዱ፤ ከ1609 ጀምሮ ደግሞ የተጠመቁት ዘሮቻቸው ሳይቀሩ ተባረሩ። በዚያ ዘመን አሳማ አለመብላት በኢንኵዊዚሲዮን ፊት የሚያስጠረጥር ነገር ነበር፤ መብላትም የክርስትና ማስረጃ ሆነ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ የካስቲያው የሽንብራ ወጥ ከአይሁድ የሰንበት ወጥ የወረደ ነው። አይሁድ በሰንበት እሳት ስለማያነዱ ዓርብ ማታ በለዘዘ ፍም ላይ ትተውት የሚያድሩት ወጥ ነበር፤ በኋላ የአሳማ ሥጋ ተጨመረበት። በሃይማኖቱ ይህን ሥጋ የማይበላ የእኛ አገር ሰው በዚያ ገበታ ሲቀመጥ፣ ቀድሞ በዚያ ምድር እርሱን የመሰሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ወጡ ራሱ ይመሰክርለታል።

በግራናዳ በአልሃምብራ ቅጥር ውስጥ ያለው ፓራዶር ይህን በግንብ ያሳያል። ቤቱ ከ1492 በኋላ የተሠራ የፍራንሲስካውያን ገዳም ሲሆን፣ የቆመው በሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ላይ ነው። በ1504 የሞተችው ንግሥት ኢሳቤላ እስከ 1521 የተቀበረችው በዚያ ነበር። ገዳሙ ፈርሶ ከቆየ በኋላ ሌኦፖልዶ ቶሬስ ባልባስ የተባለው የሕንፃ ሊቅ በ1920ዎቹ ማብቂያ ጠገነው፤ በ1945 ፓራዶር ሆነ። ጠጋኙ የክርስቲያኑን ገዳም ሲያቆም የሙስሊሙን ቤተ መንግሥት ቅሪት አልደበቀውም፤ ሁለቱም ዛሬ ጎን ለጎን ይታያሉ። በዚያ አገር የሚበላው ከአልሞንድ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዳቦ፣ ከወይራ ዘይትና ከኮምጣጤ የሚዘጋጀው ቀዝቃዛ ሾርባ እንደዚሁ ነው። የቲማቲም ወሬ ሳይሰማ የነበረ፣ ከሙስሊሞቹ ዘመን ሳይተርፍ አልቀረም የሚባል ምግብ ነው።

መራራው ጥያቄ

የዚህ ሁሉ ሥራ ምስጋና እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ሊታለፍ የማይገባው ጥያቄ አለ። ለድሆች ተሳላሚዎች የተሠራ ሆስፒታል ዛሬ ገንዘብ ያለው የሚያድርበት ሆቴል መሆኑ ተገቢ ነውን? ጥያቄው በሊዮን ከተማ በሚገኘው በሳን ማርኮስ ሲጠየቅ ይበልጥ ይከብዳል።

ሳን ማርኮስ የቅዱስ ያዕቆብ ፈረሰኞች ማኅበር ገዳም ነበር። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የተጀመረው ረጅም የተቀረጸ ፊቱ በስፔን ከሚደነቁት አንዱ ነው። ታላቁ ባለቅኔ ፍራንሲስኮ ደ ኬቬዶ ከ1639 እስከ 1643 የታሰረው በዚህ ቤት ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ከ1936 ጀምሮ ደግሞ የፍራንኮ ወገን በሺህ የሚቈጠሩ እስረኞችን አጐረበት። እስረኞቹ በመተላለፊያውና በአዳራሹ ተፋፍገው በረኀብ፣ በብርድና በበሽታ አለቁ፤ ከዚያ እየተወሰዱ የተረሸኑም ብዙዎች ናቸው። በ1960ዎቹ ቤቱ ታላቅ ሆቴል ሆነ። ሰው በተራበበት ቤት ውስጥ የአውራጃው ምርጥ ምግብ ይቀርባል።

አንዳንዱ ሰው «እንዲህ ያለ ቤት ሆቴል መሆን አልነበረበትም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሆቴል ባይሆን ኖሮ ፊቱ ፈርሶ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ግን ስሕተቱ ሆቴል መሆኑ አይደለም። ጥፋቱ፣ ቤቱ ሲታደስ የቀደመው መከራ ለብዙ ዘመን በዝምታ መሸፈኑ ነው። ሕንፃን ከነሙሉ ታሪኩ መረከብ የጥገና አንድ ክፍል ነው። የተመረጠው ታሪክ ብቻ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሌላው ሲቀር፣ ድንጋዩ ተጠግኖ ምስክርነቱ ፈረሰ ማለት ነው። ቤቱ እንደ ግሬዶሱ ፓራዶር የሚያስደስት ትዝታ ያለው ሲሆንማ መናገሩ ቀላል ነው። በ1978 የዛሬውን የስፔን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተወካዮች በግሬዶስ ተሰብስበው ሠርተዋል፤ ይህንም ሆቴሉ በኩራት ይናገራል። ፈተናው የሚመጣው ትዝታው ሲመር ነው።

ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት

በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡት የሐውልትና የሕንፃ ጥገና ባለሙያዎች ባወጡት ሰነድ፣ ጥንታዊ ሕንፃ ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ ለሆነ አገልግሎት መዋሉ ለጥበቃው እንደሚረዳ ገልጸዋል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ የሕንፃውን አሠራርና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት፣ አዲስ የሚጨመረውም ሥራ ከአሮጌው ተለይቶ የዘመኑን ምልክት መያዝ እንዳለበት ወስነዋል። ወጥ ቤት ይህን ደንብ የሚፈትን ቦታ ነው። የወጥ ቤት ቅባት ያለው ጢስ በአሮጌ ጭስ መውጫ ቢለቀቅ በውስጡ ተጋግሮ እሳት ይይዛል፤ የጣሪያውም እንጨት ለዘመናት የደረቀ ነው። እንፋሎት በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ጨው ወደ ላይ ሲያወጣ ቅርጹ ይላጣል። የፍሳሽ ቧንቧ ለማሳለፍ የሚቈፈረው ቦይ መሠረቱን ያናጋል፤ ከመሬት በታች ያለውንም ቅሪት ይበትናል። ስለዚህ አዲሱ ወጥ ቤት በተቻለ መጠን በኋላ ዘመን በተጨመረ ክፍል ወይም በአዲስ ቤት ቢሆን ይመረጣል። ቧንቧውና ሽቦውም ወደ ፊት ግንቡ ሳይጐዳ ሊነቀል በሚችልበት አኳኋን መዘርጋት አለበት።

የምግቡም ጥበቃ እንደዚሁ ነው። ቀድሞ ኦክቶፐሱ እንዲለሰልስ በድንጋይ ላይ ይወቀጥ ነበር። ዛሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲበርድ ይደረጋል፤ በሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ክሩን ይበጣጥሰዋል። መሣሪያው ተለወጠ፤ ምክንያቱ አልተለወጠም፤ ምግቡም አልተበላሸም። የላ ቬራ በርበሬ ግን በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ቢደርቅ ምግቡ ሌላ ይሆናል፤ ጢሱ ማድረቂያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጣዕሙ ሆኗልና። በአንዱ ዘንድ ሊለወጥ የሚችለው በሌላው ዘንድ የማይነካ ነው። ይህን ለመለየት የሚያስችል አጠቃላይ ቀመር የለም፤ እያንዳንዱን በየራሱ መርምሮ ምክንያቱን ማወቅ ብቻ ነው ያለው።

ዛሬ ወደ መቶ የሚጠጉ ፓራዶሮች አሉ፤ ባለቤታቸውም መንግሥት ነው። ሁሉም ፍጹማን አይደሉም። በአንዳንዶቹ ያገር ምግብ የሚባለው ለቱሪስት የተሰናዳ ትርኢት ሊሆን ይችላል። ትርኢቱን ከእውነተኛው የሚለየው ፈተና ቀላል ነው፦ ቦሎቄውን የሚዘራው የአካባቢው ገበሬ፣ ሸክላውን የሚሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ድንጋዩን የሚጠርበው ግንበኛ ከቤቱ የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ ወይስ አያገኙም? ካገኙ ሕንፃውም ምግቡም ሕይወት አላቸው። ካላገኙ የቀረው ቅርፊት ነው።

ስለዚህ አንድ መሐንዲስ በአሮጌ ቤት ውስጥ አዲስ አገልግሎት እንዲያስገባ በተጠራ ጊዜ፣ የመለኪያ ገመዱን ከመዘርጋቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ሥራው ይቃናለታል። ይህ ነገር በመጀመሪያ እንዲህ ሆኖ የተሠራው ለምን ነበር? ያ ምክንያት ዛሬ አለ ወይስ ጠፍቷል? በዚህ ቤት ውስጥ ማን ኖረበት፣ ማንስ ተሠቃየበት? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ በልኬትና በምርመራ ይገኛል። ሦስተኛው ግን በጎረቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ቀርቦ ማነጋገርን ይጠይቃል። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ለዚህም የሚሆን ጊዜ በሥራው መርሐ ግብር ውስጥ መመደብ ይኖርበታል።